የሁዳዴው ሽሮ

ቢቸና፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወይዘሮ ብሩክታይት፣ ሞጣ

የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትሽ አይራቅ። እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደኅና ነኝ፤ ወፍጮውም ይዞራል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጎረቤትሽ ነጋዴው ሙሐመድያሲን ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል፤ ቢኖርም ይህን በስልክ የሚናገር አፍ የለኝም።

ባለቤቴ ፈንታነሽ፣ እኅትሽ፣ በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ ሰው እንደሚለው ስትጾም አልከረመችም። ጾሙን ያስገደፍኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ሳታውቅ።

በዚያ ዓመት ቅበላ ላይ የጤና ጣቢያው ሰው ደም አንሷታልና ጉበት ትብላ አለኝ። እሷ እንኳን ጉበት፣ በጾም ቅቤ የነካው ዕቃ አታስጠጋም። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ኪዳን ለታመመ ይፈቀዳል ብለው ቢለምኗት አሻፈረኝ አለች። እኔም ጉበት ገዛሁ፤ እንደ ቋንጣ ሰቅዬ አደረቅሁት። በወፍጮዬ ብፈጨው የሰው እህል አረክሳለሁ ብዬ በሙቀጫ ወቀጥሁት። ነፍቼ ከሽሮዋ ጋር ቀላቀልሁና ሁዳዴውን በሙሉ በእጄ እየሠራሁ አቀረብሁላት። ምላሷ ያን ጊዜ ተልጦ ለስልሶ ነበር፤ ጨውና በርበሬ እንኳን አይለይም። ስለዚህ አልታወቃትም። እናንተም ባል እንዲህ ሲያስታምም አላየንም ብላችሁ መረቃችሁኝ።

በሰሙነ ሕማማት ዐረፈች። አገሩ ሁሉ በጾሟ ሞተች፣ የታደለች አለ። ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ዝም እንዳልሁ ነኝ።

ለምን አሁን ትይኝ ይሆናል። በጥር ለወንድምሽ ልጅ ሠርግ ሞጣ መጥቼ ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንቆም፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትጸልዪ እንደ ሸንበቆ ተወዛወዝሽ። ክንድሽን የያዝሁሽ ለዚያ ነው። በማግሥቱ ፊትሽን ስትታጠቢ በአንድ እጅሽ ግድግዳውን ይዘሽ ነበር። ጥጥ የረገጥሁ ይመስለኛል ስትይም ሰማሁ። ይህንኑ ቃል ከፈንታነሽ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ግድግዳውንም እሷ እንዲሁ ትይዝ ነበር።

ልጃችን ጸደንያም ባሕር ዳር በምታስተምርበት ክፍል ጠመኔ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄድሁ። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። ደሟን ወደ አዲስ አበባ ልካ ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችን። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍሁምና በገባኝ ልክ ልንገርሽ። ደም የሚሠራበት፣ ነርቭም የሚጠበቅበት አንድ ቫይታሚን አለ፤ ቢ አሥራ ሁለት ይሉታል። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው። ነገር ግን ስለተበላ ብቻ ደም ውስጥ አይገባም። ጨጓራ አንድ ተሸካሚ ያመነጫል፤ ያ ተሸካሚ ቫይታሚኑን ይዞ እስከ ቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ወስዶ ያስረክበዋል። በጸደንያ ሰውነት ውስጥ ግን በሽታ እንዲከላከሉ የተፈጠሩት፣ ፀረ እንግዳ አካላት የሚሏቸው፣ የገዛ ቤታቸውን ሰው ጠላት ነው ብለው ተነሥተውበታል። ጨጓራዋን ያቆስላሉ፣ ተሸካሚውንም ይዘው አላላውስ ይሉታል። የበላችው ይገባል፤ ቫይታሚኑ ግን እንደ ገባ ይወጣል።

ልጄ፣ ጉበት ብናበላትስ አልኋት ሐኪሟን።

«አባባ፣ ሙሉ በሬ ቢያበሏትም አያልፍላትም። የተዘጋው መንገዱ ነው» አለችኝ። «በመርፌ ነው የምንሰጣት፣ ዕድሜ ልኳን።»

ጾም ይሆን ያመጣባት ብዬም ጠየቅሁ። ለረጅም ዘመን ከእንስሳት የሚገኘውን ፈጽሞ የተወ ሰው ሊጎድልበት ይችላል፣ የእሷ ግን ከዚያ አይደለም አለች። በዘር ስለሚሄድም በእናቷ ወገን ካለ ይታይ አለችኝ። የፈንታነሽ ሽሮ በዓይኔ መጣ። ጸደንያ ለእሷ የደነገጥሁ መስሏት እጄን ያዘችኝ።

አሁን ሙሐመድያሲን የነገረኝን ሰምቻለሁ። ጤና ጣቢያ እንቁላልና ሥጋ ብዪ ቢሉሽ ከደጃቸው ተመልሰሻል፤ እንደ እኅቴ በጾሜ ልሙት ብለሻል። እኅትሽ እንዲያ አልሞተችም እልሻለሁ። ጾሙ አልገደላትም፤ ጉበቱም አላዳናት። ሥጋ ብዪ አልልሽም። ጹሚ፣ መርፌውንም ተወጊ። ማንም ሁለቱን ቢያጣላብሽ እኔን ጥሪኝ፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለእግርሽ ብርታት ይስጥልኝ።

ሀብተ ሥላሴ

ሞጣ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ቢቸና

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ሌላ ሰላምታ ከእኔ አትጠብቅ። አያ ሀብቴ፣ አንቱ ስል የኖርሁት ለእኅቴ ባል ነበር። እኅቴን ሳታውቅ ጉበት ላበላ ሰው አንቱታ የለኝም።

መልሴ የዘገየው ቃል ጠፍቶኝ አይደለም። የመጣልኝን ቃል በሙሉ ብጽፈው ሙሐመድያሲን ይዞት መንገድ መግባት ያፍር ነበር።

ያን ሁዳዴ እኅቴን ላስታምም መጥቼ ሁለት ሳምንት ከቤትህ ተቀምጫለሁ። የቀረበልኝን በልቻለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ይህ ሽሮ እንዴት ይጣፍጣል ብዬ አሞገስሁህ። ፊቴን እያየህ «በርበሬው ነው፣ ከመርጡለ ማርያም የመጣ ነው» አልኸኝ። ትዝ ይልሃል? እኔ ትዝ ይለኛል። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። ስለ በሬ አለ፣ ስለ ጨጓራ አለ፣ ስለ አዲስ አበባ ምርመራ አለ። ስለ እኔ ሳህን አንድ ቃል የለም።

ደግሞ ስለ መርፌ ትጽፍልኛለህ። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ፣ ልጅ ሳላይ ስቀር፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ የሄድሁት በእሷ ነበር። ገበያ ስወጣ «በጾሟ ያረፈችው የፈንታነሽ እኅት» ይሉኛል። ሌላ ስም አልነበረኝም። እሱን በአንድ ቅጠል ወረቀት ወስደህ በምትኩ መርፌ ልስጥሽ ትላለህ። የቸርነትህን ልክ አየሁት።

አልወጋም። ሁዳዴውን ይዣለሁ። እግሬ ጥጥ ቢረግጥም ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል፤ ሲያቅተኝ በሸክም ይወስዱኛል። ጤና ጣቢያዎቹም ጾምሽን ተዪ ሲሉኝ፣ አንተም ጹሚና ተወጊ ስትለኝ፣ አንዳችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም። እኅቴንም አልጠየቅሃት።

የእኅቴን ዳዊት በሙሐመድያሲን ላክልኝ። በአንተ ቤት እንዲያድር አልፈልግም።

ጸደንያን ሳምልኝ። በእሷ ቂም የለኝም።

ብሩክታይት

ቢቸና፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለብሩክታይት

የቁጣሽን ልክ የሚያውቅ አምላክ ዕረፍቱን ይስጥሽ። ዳዊቷን ልኬልሻለሁ። በነጭ ሻሽ የጠቀለልሁት እኔ ነኝ፤ ሻሹም የእሷ ነው።

አዎን፣ አንቺም በልተሻል። ሳህንሽን ስታነሺ አይቻለሁ። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ፈንታነሽ ከመደቡ ላይ ትመለከተኝ ነበርና ዘጋሁት። በርበሬው ነው ያልሁት ሐሰት ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ያልጻፍሁትም ረስቼው አይደለም፤ አንዱን ኃጢአት እየነገርሁሽ ሌላውን በጉያዬ ይዤ ነበር። ለዚህ ከእግርሽ ወድቄ ይቅርታ እለምንሻለሁ።

ለሌላው ግን ወድቄ አልለምንሽም። ሚስቴ በዓይኔ ፊት ስትጠፋ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ የተሻልሁ ሰው እሆን ነበር? አላውቅም። ራሴን ስመረምር ፍቅር ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። እንቢታዋ አናዶኝ ነበር። እሷ ታማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ እኔ ጤነኛው ስድስት ሰዓት ላይ ጓዳ ገብቼ እቆርሳለሁ። ስታየኝም አትናገረኝም። ያን ጉበት ስወቅጥ አንዳንዴ እልህ በክንዴ ላይ ነበረ። ይህን ለአንቺ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካህንም የነገርሁት በዚህ ሳምንት ነው።

አባ ወልደ ኪዳን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝሁ። «ሳታውቅ የበላች አልገደፈችም። የገደፍኸው አንተ ነህ» አሉኝ። ቀኖናም ሰጡኝ፤ እሱ የእኔ ነው። ከዚያ መርፌስ አባ፣ ጾም ያስገድፋል ብዬ ጠየቅኋቸው። ተቆጡ።

«መርፌ የሚበላ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

እንግዲህ ስሚኝ። እሳቸው ባሉት ከሄድን የእኅትሽ ጾም አልተነካም፤ የአንቺም አልተነካም። ያንን ያዥው፣ የአንቺ ነው፤ ልወስድብሽ አልመጣሁም። እኔ የምከራከርሽ በሞቷ ነው። ሰው ሁሉ ጾሟ ወሰዳት እያለ ሞቷን ሽልማት አደረገው። ሽልማት አልነበረም። ስሙ ያልታወቀ በሽታ ነበር፤ መድኃኒቱም አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ነበረች፤ አንዳችንም አላወቅንም። የሕክምናው ሰው ምግቧን ጠረጠረ፣ እኛ ጽድቅ አልነው፣ እኔ ሙቀጫ አነሣሁ። አንቺም በዚያው መንገድ እንድትሄጂ አልፈቅድም። ብትጠዪኝም አልፈቅድም።

አሁን መርፌ ተወጊ አልልሽም። ደምሽን ብቻ ስጪ። የጸደንያ የትምህርት ቤት ጓደኛ ስርጉት እዚያው ሞጣ ነርስ ናት፤ ቤትሽ ድረስ ትመጣለች። የባሕር ዳሯ ሐኪምም ደሟን ሳላይ መድኃኒት አላዝም ብላለች። መስጠት እንጂ መቀበል አይደለምና ለዚህ እንቢ የምትይበት አይታየኝም።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

ሀብተ ሥላሴ

ሞጣ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀብተ ሥላሴ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ይህችን ሰላምታ የጨመርሁልህ ዳዊቷን ስለላክህልኝ ነው።

ደሜን ሰጥቻለሁ። ያቺ ስርጉት የምትሏት ልጅ በጠዋት መጥታ እጄን ስትይዘኝ ዝም አልኋት፤ አንተ ስላልህ ሳይሆን ልጅቱ ጨዋ ስለሆነች ነው። ቀይ የደም ሕዋስሽ ጥቂት ነው፣ ያለውም ከልኩ በላይ ትልልቅ ነው አለችኝ። ለባሕር ዳሯ ሐኪም ተልኮ፣ ያው የጸደንያ ዓይነት ይመስላል፣ ሌላውን ምርመራ ሳትጠብቁ ጀምሩላት ተብሏል። ነርቭ ከሞተ አይመለስምና ከዘገየ እግርሽ እንዲሁ ይቀራል ብላኛለች። ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ባለፈው እሑድ፣ በመፃጉዕ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ከደረጃው ላይ ወደቅሁ። ሰዉ ተሰበሰበ። ጾሙ ነው፣ ጾሙ ነው አሉ። አንዷ ደግሞ «እንደ እኅቷ ናት፣ የታደለች» ስትል ሰማኋት። ጉልበቴ ደምቶ፣ ነጠላዬ አፈር ላይ ሆኖ፣ ተናደድሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ሲሉኝ ደስ የሚለኝን ቃል ያን ቀን ጠላሁት። ተነሥቼ ልሰድባት ፈለግሁ፤ መነሣት አልቻልሁም።

አሁን አንድ ነገር እጽፍልሃለሁ፤ እንዲቀልልህ ብዬ አይደለም። ያን ሁዳዴ ፈንታነሽ አንድ ቀን «ብሩኬ፣ ይህ ሽሮ ሆዴ ላይ ይከብደኛል፣ ይቅርብኝ» አለችኝ። በሽታሽ ነው፣ ብዪ አልኋት። በእጄ አጎረስኋት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ደብዳቤህን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የታየኝ ሳህኔ ሳይሆን ያቺ ጉርሻ ነበረች፤ ስለ ሳህኔ የጮህሁብህ ለዚያ ነው።

ስለዚህ ሁለታችንም እናውቃለን። ሌላው ሰው ግን አያውቅም። በቢቸና የማርያም ማኅበራችሁ ላይ በየሁዳዴው ስሟ ይነሣል። ደም ያነሳቸውን፣ ያረገዙትን ሳይቀር ፈንታነሽን አስቢ ይሏቸዋል። አንተ በእሷ ቦታ ተቀምጠህ ጽዋ እየጠጣህ ትሰማለህ። ተነሥና ንገራቸው። ሞጣ መጥተህ አይደለም፤ እዚህ እንግዳ ነህ፣ ተናግረህ ትሄዳለህ። እዚያው፣ እህላቸውን አንተ ዘንድ በሚያስፈጩት ፊት ንገራቸው።

መናገርህን ከአንተ ሳይሆን ከሙሐመድያሲን አፍ ስሰማ ክንዴን እዘረጋለሁ። ቃሌ ነው። አንተ ተሸሽገህ እያለህ ግን እኔን ከሞት ልታወጣኝ አትችልም፤ አልፈቅድልህም።

ለፋሲካ ልትመጣ እንዳሰብህ ጸደንያ ነግራኛለች። ና። የሚበላ ነገር ግን ከእጅህ አልቀበልም፤ ዶሮዬን ራሴ እሠራለሁ።

ብሩክታይት

ቢቸና፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለብሩክታይት፣ ሞጣ

ያደረሰሽ አምላክ ይመስገን። ትናንት ኔትወርክ መጥቶ ስርጉት ደወለችልኝ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ክንድሽን ዘርግተሽ «ቶሎ በይ» አልሻት አሉ። ስልኩን ዘግቼ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥሁ።

ለጊዜው ቶሎ ቶሎ ትወጊያለሽ፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል፤ አይቋረጥም። መድኃኒቱን ጸደንያ ከባሕር ዳር ትልካለች። ምላስሽ ቀድሞ ይሻልሻል። እግርሽ ይዘገያል፤ ከፊሉ ላይመለስም ይችላል። የጸደንያም ጠመኔ አሁንም አልፎ አልፎ ይወድቃል። ይህንን አልደብቅሽም።

መናገሬን ሙሐመድያሲን ቀድሞኝ ነግሮሻል። እሱ ግን የሰማው ከአጥር ውጭ ጤፉን ሲያስጭን ነው፤ ከውስጥ የሆነውን ከእኔ ስሚው።

ወፍጮው ከሰኞ ጀምሮ ቀዝቅዟል። ሥጋ የተፈጨበት ነው ተብሎ ሰዉ ወደ ላይኛው ወፍጮ ይሄዳል። በሙቀጫ ነበር ብዬ ተናግሬአለሁ፤ ያመነ አመነ። ሰው ደጃፌን አልፎ እህሉን በአህያ ሲያወጣ ቆሜ አያለሁ፤ እነሱም ሰላም ይሉኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ና ብዬ አልለምንም። ወለተ ሐና ማኅበሩ በእሷ ቤት ነበርና ከሁሉ በላይ ተቆጥታለች። በፈንታነሽ ተዝካር ያበላኸንስ ምን ነበር ብላ በሰው ፊት ጠየቀችኝ። ተዝካሩ ከፋሲካ በኋላ ነበር፣ በሬ ነው ያረድሁት፣ አንቺም ጥብሱን ደግመሽ በልተሻል አልኋት። አንዳንዱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከማኅበሩ ይውጣ ያሉም አሉ። አባ ወልደ ኪዳን ግን መስቀላቸውን ይዘው ሁሉንም አዳመጡ። በኋላ ቦታው የፈንታነሽ ነው፣ ይቀመጥበት ብለው ዘጉት።

አሁን ያደረግሁትን ልጻፍልሽ።

እሑድ መጋቢት 21 ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ወለተ ሐና ቤት ተቀምጠናል። ጸሎቱ ደርሷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው እየዞረ ነው። ሰብለ ወንጌል የምትባል አዲስ ሙሽራ ከባሏ እናት ጋር መጥታ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፤ በሆዷ ነፍስ ይዛለች፣ ፊቷ እንደ ሰም ሆኗል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል አለች። ወለተ ሐና አይዞሽ ብላ ስለ ፈንታነሽ ትነግራት ጀመር፤ አፏ እስኪላጥ ጾማ በሕማማት እንዴት እንዳረፈች። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እኔም እንደ ሁልጊዜው ጽዋዬን ይዤ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ተነሣሁ። ምሰሶውን ያዝሁ። ሰዉ ለምርቃት የተነሣሁ መስሎት ጸጥ አለ።

«ፈንታነሽን ጾም አልገደላትም» አልሁ። «ያን ሁዳዴ ጉበት አድርቄ፣ ወቅጬ፣ ከሽሮዋ ቀላቅዬ ያበላኋት እኔ ነኝ። አላወቀችም። እኅቷም ከዚያው በልታለች፣ እሷም አላወቀችም። ጉበቱ አላዳናት። በሽታዋ ሆድ ውስጥ መንገድ የሚዘጋ ነበር፤ በመርፌ እንጂ በአፍ አይድንም ነበር። ልጃችን ተይዛ በመርፌ ቆማለች። ብሩክታይትም ትወጋለች፣ ሁዳዴዋንም ትጨርሳለች። ከእንግዲህ በእኔ ፊት የታመመ ሰው እንደ ፈንታነሽ ሁን አይባልም።»

ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞርሁ። የአንቺ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ የምታውቁ የሚመስላችሁም አታውቁም፤ ነገ ሄደሽ ደምሽን አስመርምሪ አልኋት። የባሏ እናት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ እንውጣ አለቻት። ልጅቱ አልተነሣችም።

ይህንን ሁሉ ቆሜ ተናገርሁ።

ሀብተ ሥላሴ